ሚዛኑ ይልካል፣ ቢሮው አይሰማም፦ የዩዲፒ ሶኬት ጥያቄ ከጅማ

የሚዛን_ልጅ
ኅዳር 9፣ ማታ 3 ሰዓት

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ነው የምጽፈው። ሦስት ቀን ሙሉ ስታገል ከርሜ ግራ ሲገባኝ ወደ እናንተ መጣሁ።

አጎቴ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር የቡና መጋዘን አለው። አሁን የለቀማ ወቅት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ጀንፈል የጫነ ሰው ይመጣል። ገበሬው ጆንያውን ሚዛን ላይ ያወጣል፣ ሚዛን የያዙት ጋሼ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይጠራሉ፣ ቢሮ ያለችው ጸሐፊ ሰምታ መዝገብ ላይ ታሰፍራለች። ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጋሼ «ሰባ ስድስት» ብለው ጠሩ፣ እሷ «ሰባ ሦስት» ብላ ጻፈች። ሦስት ኪሎ በአንድ ቃል ጠፋ ማለት ነው። ገበሬው ዓይኑን ከሚዛኑ ስላልነቀለ ወዲያው ተናገረና ተስተካከለ። ባያይስ ኖሮ? እሱን ሳስብ አደርኩ። በማግስቱ ሥራውን ጀመርኩ።

ሚዛኑ ዲጂታል ነው፣ ከጀርባው የሲሪያል መውጫ አለው። ከሱ ጋር ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር አገናኘሁ። ፓዩ ክብደቱን እያነበበ በመጋዘኑ ዋይፋይ ወደ ቢሮው ኮምፒውተር ይልካል። ላኪውን ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፍኩት፣ ሲሪያሉን የሚያነብ የሲ ኮድ ድሮ ነበረኝ። ተቀባዩ በፓይተን ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል። ፖርቱ (መልእክቱ ለየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ የሚለየው ቁጥር) 5000 ነው። በኔትወርክ መልእክት ከሚላክባቸው ደንቦች ዩዲፒን የመረጥኩት ግንኙነት ክፈት፣ ግንኙነት ዝጋ የሚባል ነገር ስለሌለው ነው። መልእክቱን አዘጋጅተህ፣ አድራሻ ሰጥተህ፣ መላክ ብቻ።

ችግሩ ይኸው። ላኪው ምንም ኤረር አያሳይም። መላኪያው ትእዛዝ ሴንድቱ 9 ይመልስልኛል፣ 9 ባይት ተልኳል ማለት ነው። ተቀባዩ ግን መቀበያው ትእዛዝ ሬሲቭፍሮም ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጭጭ። እዚያው የቢሮ ኮምፒውተር ላይ በፓይተን ትንሽ ላኪ ጽፌ ስሞክረው ደግሞ ይቀበላል። ጋሼ ትናንት የፓዩን ሳጥን አየት አድርገው «ልጄ፣ ሚዛኑ ይናገራል፤ ያልሰማው ወዲያ ማዶ ያለው ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ይመስለኛል። ግን ለምን አይሰማም?


አጂፕ_ሰፈር
ኅዳር 9፣ ማታ 3:40

እህቴ፣ መጀመሪያ ተቀባዩን ስታዘጋጂ ባይንድ (የሚሰማበትን አድራሻ የሚወስነው ትእዛዝ) ላይ የሰጠሽው አድራሻ ምንድነው? 127.0.0.1 ከሆነ እሱ ኮምፒውተሩ ከራሱ ጋር የሚያወራበት አድራሻ ነው። እዚያው ማሽን ላይ ስትሞክሪው የሚሠራው፣ ከውጭ ስትልኪ የማይሰማው ለዚህ ይሆናል። 0.0.0.0 አድርጊው፤ በየትኛውም የኔትወርክ ካርድ የሚመጣውን ስማ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የዊንዶውስ ፋየርዎል ያልተጠራ እንግዳ አያስገባም። ለዩዲፒ 5000 ፈቃድ መስጠት አለብሽ። ለቲሲፒ (ግንኙነት ከፍቶ፣ መድረሱን እያረጋገጠ ለሚልከው ሌላው ደንብ) ሰጥተሽ ከሆነ አይጠቅምሽም፣ ፈቃዱ ለየብቻ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ስለዚያ 9። ሴንድቱ 9 መለሰ ማለት 9 ባይት ቢሮ ደረሰ ማለት አይደለም። የፓዩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተረክቦኛል ማለት ብቻ ነው። መናኸሪያ ሄደሽ ለአጋሮ መኪና ረዳት ዕቃ እንደመስጠት ቁጠሪው። ረዳቱ «እሺ» ብሎ ተቀብሏል። አጋሮ መድረሱን የሚነግርሽ ግን ወጥቶ የተቀበለው ዘመድሽ ነው። በዩዲፒ ያ ዘመድ ካልደወለ ማንም አይደውልልሽም።


የሚዛን_ልጅ
ኅዳር 10፣ ጠዋት 4 ሰዓት

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ባይንዱ እንዳልከው 127.0.0.1 ነበር፣ ቀየርኩት። ፋየርዎሉም ላይ ለዩዲፒ 5000 ፈቀድኩ። የመጋዘኑ ዋይፋይ የሕዝብ ኔትወርክ ተብሎ ተመዝግቦ ስለነበር እሱንም የግል አደረግሁት። ሁለት ስህተት ስለያዝክልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ግን አሁንም ጭጭ ነው።


ሽቦና_ዋይፋይ
ኅዳር 10፣ ቀን 7 ሰዓት

ሰላም። እኔ የኔትወርክ ሽቦ ዘርጊ ነኝ፣ ኮድ ብዙም አልጽፍም። አንድ ነገር ግን በሥራዬ ተምሬያለሁ፤ እንደዚህ ሲሆን መገመት አቁሚና እዪ። ቢሮው ኮምፒውተር ላይ በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚያሳየውን ዋየርሻርክ ጫኚ፣ ማጣሪያው ላይ ዩዲፒ ብለሽ የፓዩን አድራሻ ስጪው። ዋየርሻርክ ፓኬቱን (የተላከውን የመረጃ ጥቅል) ፋየርዎሉ ከመጣሉ በፊት ስለሚያየው፣ ካርዱ ጋ የደረሰ ነገር ካለ ይታይሻል። ምንም ካላየሽ ችግሩ ፓዩ ወይም ዋይፋዩ ጋ ነው። ካየሽ ደግሞ እያንዳንዱን ቁጥር አንብቢ። ከማን መጣ፣ ለማን፣ ከየትኛው ፖርት ወደ የትኛው ፖርት፣ ስንት ባይት።


የሚዛን_ልጅ
ኅዳር 10፣ ማታ 1:30

አየሁት! ፓኬቶቹ በየሰከንዱ ይገባሉ። ላኪው የፓዩ አድራሻ ነው፣ ልክ ነው። መድረሻው የቢሮው ኮምፒውተር ነው፣ ልክ ነው። 9 ባይት ነው፣ ልክ ነው። የመድረሻ ፖርቱ ግን 34835 ይላል። ይህን ቁጥር የትም አልጻፍኩም። ኮዱን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ፣ የለም። እያንዳንዱ ፓኬት ላይ ደግሞ ያው ነው፣ አይቀያየርም። ከየት የመጣ ቁጥር ነው?


መምህር_ሲ
ኅዳር 10፣ ማታ 2:15

ልጄ፣ ያ ቁጥር ያንቺው 5000 ነው። ተገልብጦ ነው።

እስቲ ወረቀት ያዢ። ፖርት በሁለት ባይት ይጻፋል። 5000ን ለ256 ብታካፍዪው 19 ይደርስና 136 ይተርፋል። ስለዚህ 5000 ማለት 19 እና 136 ነው። አሁን ቦታ አቀያይሪያቸው፤ 136ን በ256 አባዢና 19 ጨምሪ። 34835 ይመጣልሻል።

የፓይሽ ፕሮሰሰር ቁጥርን ማህደረ ትውስታ ላይ ሲያስቀምጥ ዝቅተኛውን ባይት፣ እዚህ 136ን፣ ያስቀድማል። ኔትወርኩ ደግሞ ከፍተኛው ባይት፣ እዚህ 19፣ እንዲቀድም ይጠብቃል። በሲ አድራሻውን ስትሞዪ ፖርቱን በኤች-ቱ-ኤን-ኤስ ፈንክሽን አሳልፈሽ መስጠት አለብሽ። አንቺ 5000ን በቀጥታ ሰጥተሽዋል ብዬ እገምታለሁ። ኮምፓይለሩ ዝም ይላል፣ ምክንያቱም ለሱ ቁጥር ቁጥር ነው። በፓይተን ስትሞክሪው የሠራው ፓይተን ግልበጣውን ራሱ ስለሚያደርግልሽ ነው። ላኪውም ተቀባዩም በሲ ቢሆኑና ሁለቱም ላይ ብትረሺው ኖሮ እርስ በርሳቸው ይግባቡ ነበር፤ ስህተቱም ለወራት ተደብቆ ይቆይ ነበር። አንደኛው ፓይተን መሆኑ በጀሽ።

ስለ ዝምታውም ልንገርሽ። ማንም በማያዳምጥበት ፖርት ላይ ፓኬት ሲመጣ ተቀባዩ ማሽን «እዚህ ፖርት ላይ ሰው የለም» የሚል የአይሲኤምፒ (የኔትወርክ ስህተት ማሳወቂያ) መልስ መመለስ ይችላል። አንቺ ይህን አልሰማሽም። አንደኛ፣ ፋየርዎሉ መልሱን ያስቀረዋል። ሁለተኛ፣ መልሱ ቢመጣም እንኳ ሶኬትሽ (ፕሮግራምሽ ከኔትወርኩ ጋር የሚገናኝበት በር) ላይ ኮኔክት የሚባለውን ትእዛዝ ካልጠራሽ ሊኑክስ በተለመደው አሠራር ለፕሮግራምሽ አያቀብለውም። አዎ፣ በዩዲፒም ኮኔክት መጥራት ይቻላል። ምንም ፓኬት አይልክም፣ የማነጋግረው እሱን ብቻ ነው ብሎ አድራሻውን ይይዛል እንጂ። ያን ጊዜ መልሱ ከመጣ በሚቀጥለው መላክሽ ላይ «ግንኙነት ተከለከለ» የሚል ኤረር ታገኛለሽ።

ይህን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግረው ነው። ዩዲፒን የሚደነግገው ሰነድ በ1980 ጆን ፖስቴል ያወጣው ሲሆን ርዝመቱ 3 ገጽ ነው። ራስጌው 8 ባይት ብቻ ነው፤ የላኪ ፖርት፣ የመድረሻ ፖርት፣ ርዝመትና የስህተት መፈተሻ ድምር፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ባይት። ተቀብያለሁ የሚባልበት ቦታ፣ ተራ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ አታገኚበትም። ሰነዱን ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ አንድ ቡና እስኪፈላ ያልቃል።


የሚዛን_ልጅ
ኅዳር 11፣ ቀን 6 ሰዓት

መምህር፣ ምን ብዬ ላመስግንዎ! አንዲት ቃል ጨምሬ ኮምፓይል አደረግሁት። ቢሮው ስክሪን ላይ 61.5 ብቅ አለ። ጸሐፊዋ «መጣ! መጣ!» ብላ እስከ ሚዛኑ ድረስ እየሮጠች መጣች። ጋሼ ጆንያውን ትንሽ ከፍ አደረጉት፣ ቢሮው ውስጥ ያለው ቁጥር ወረደ። መልሰው ለቀቁት፣ ወጣ። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ከዚያ ገበሬውን በእጃቸው ጠርተው አሳዩት።


አጂፕ_ሰፈር
ኅዳር 11፣ ቀን 6:30

እሰይ! በርቺ።


የሚዛን_ልጅ
ኅዳር 14፣ ማታ 2 ሰዓት

ተመልሼ መጣሁ። አሁን ከክብደቱ ጋር የመዝገብ ቁጥር፣ የገበሬውን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ እንዲሁም ቀበሌውን አብሬ እልካለሁ። ፓዩ ላይ ሙሉ ስሙን እንጽፋለን፣ በአማርኛ። አንዳንዱ በትክክል ይደርሳል። አንዳንዱ ላይ ግን የፓይተኑ ተቀባይ ፊደሉን መፍታት አልቻልኩም ብሎ ይሞታል። የሚሞትባቸውን ስሞች በወረቀት ጻፍኳቸው። ሁሉም ረጅም ስሞች ናቸው። አጭር ስም ያለው አንድም አላስቸገረም። ይህ ነገር ከቡፈር ጋር ይገናኛል? ላኪው ላይ መልእክቱን የማዘጋጅበት ቦታ 64 ባይት ነው፤ 64 ፊደል ይበቃል ብዬ ነበር።


መምህር_ሲ
ኅዳር 14፣ ማታ 3 ሰዓት

በወረቀት መጻፍሽ መልሱን ሰጥቶሻል። ፊደልና ባይት አንድ አይደሉም። ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት ደንብ፣ በዩቲኤፍ-8፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ጅማ» ሁለት ፊደል ነው፣ 6 ባይት ነው። ክፍት ቦታ ግን 1 ባይት ነው። ስለዚህ 64ቱ ባይት ያንቺን ፊደል 21 ብቻ ይይዛል።

አሁን እንቁጠረው። የመዝገብ ቁጥሩና ክብደቱ ከነነጠላ ሰረዛቸው 10 ባይት ይወስዳሉ እንበል። መልእክቱን ቡፈሩ ላይ የሚጽፈው የሲ ፈንክሽን፣ ኤስኤንፕሪንትኤፍ፣ የመጨረሻዋን ቦታ ለማብቂያው ዜሮ ስለሚይዛት 63 ነው ያለሽ። ለስምና ለቀበሌ 53 ባይት ቀረ። 17 ፊደል 51 ይወስዳል፣ 2 ባይት ይተርፋል። 18ኛው ፊደል ሁለት ሦስተኛው ገብቶ ሦስተኛው ባይት ውጭ ይቀራል። በመሃል ያሉት ክፍት ቦታዎች የመቁረጫውን ቦታ ወዲህና ወዲያ ያደርጉታል እንጂ ነገሩ ይኸው ነው። ፓይተን የተቆረጠ ፊደል ሲያገኝ «ይህ ፊደል አይደለም» ብሎ ይቆማል። መቆሙ ደግ ነው። ዝም ብሎ ቢያልፈው የሰው ስም ጎድሎ ይመዘገብ ነበር።

ቡፈሩን 512 አድርጊው። ኤስኤንፕሪንትኤፍ የሚመልሰውን ቁጥርም ፈትሺ፤ የሚያስፈልገውን ርዝመት ይነግርሻል፣ ከቡፈርሽ እኩል ወይም በላይ ከሆነ ተቆርጧል። ተቀባዩ ላይ 2048 ስጪ። እዚያ ብታሳንሺው ዊንዶውስ 10040 የሚል ኤረር ይሰጥሻል፣ ሊኑክስ ግን የተረፈውን ዝም ብሎ ይጥለዋል። አንድ መልእክት ደግሞ ከ1472 ባይት እንዳያልፍ ተጠንቀቂ። በተለመደው ኔትወርክ አንድ ጭነት 1500 ባይት ነው፤ 20ው ለአይፒ፣ 8ቱ ለዩዲፒ ራስጌ ይሄዳል። ከዚያ ካለፈ መልእክቱ ተከፋፍሎ ይጓዛል፤ ከቁራጮቹ አንዱ ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል።


ሽቦና_ዋይፋይ
ኅዳር 14፣ ማታ 4 ሰዓት

ቆይ ቆይ። እህቴ፣ ስምና ክብደት ከተላከ ገንዘብ የሚከፈልበት መዝገብ ነው ማለት ነው። እሱ በዩዲፒ ብቻ ነው የሚሄደው? ቢጠፋስ?

መልእክቶቹን ከ1 ጀምረሽ ቁጥር ስጫቸውና 500 ላኪ። ቢሮ ስንቱ እንደደረሰ ቆጥረሽ ንገሪን። የምትልኪው ወደ አንዱ ኮምፒውተር ነው ወይስ ለሁሉም?


የሚዛን_ልጅ
ኅዳር 15፣ ማታ 1 ሰዓት

ለሁሉም ነው። ገበሬዎቹ የሚያዩት ሁለተኛ ስክሪን ሚዛኑ አጠገብ ስለሰቀልኩ ብሮድካስት አደረግሁት፣ የብሮድካስት ፈቃዱንም ሶኬቱ ላይ ከፍቼ።

ቆጠርኩ። ከ500ው 9 አልደረሱም። 118፣ 119፣ 120 በተከታታይ ጠፍተዋል፣ ቀሪዎቹ ተበታትነው። አንዱም ላይ ላኪው ቅሬታ አላሰማም። ዘጠኝ ጆንያ አስቡት። ዘጠኝ ሰው ከሌሊት ጀምሮ በአህያ ጭኖ መጥቶ።


ሽቦና_ዋይፋይ
ኅዳር 15፣ ማታ 2 ሰዓት

እንደፈራሁት ነው። በዋይፋይ ላይ ለአንድ ማሽን የሚላክ ነገር ካልደረሰ ሬዲዮው ራሱ ደጋግሞ ይልከዋል። ራውተሩ ለሁሉም የሚበትነው ብሮድካስት ግን «ደርሶኛል» የሚል መልስ የለውም፤ አንዴ ይነገራል፣ የሰማ ሰማ። በዚያ ላይ መጋዘንሽ ቆርቆሮ ነው። ለእያንዳንዱ ስክሪን በየአድራሻው ለየብቻ ላኪ፣ ሁለት ማሽን ብቻ ነው ያለሽ። ከተቻለ ግን ገመድ ዘርጊ። እስከ 100 ሜትር ድረስ አንድ ገመድ ይበቃሻል።

መዝገቡን ግን በቲሲፒ አድርጊው።


አጂፕ_ሰፈር
ኅዳር 15፣ ማታ 2:30

በዩዲፒም ይቻላል እኮ። ቁጥር ሰጥታለች፤ ቢሮው «118 ደርሶኛል» ብሎ ይመልስ። ፓዩ ግማሽ ሰከንድ ጠብቆ መልስ ካላገኘ ደግሞ ይላክ።


ሽቦና_ዋይፋይ
ኅዳር 15፣ ማታ 2:45

118 ደረሰ፣ መልሱ ግን መንገድ ላይ ጠፋ እንበል። ፓዩ ደግሞ ይልከዋል። ቢሮው ሁለቴ ይመዘግበዋል። አንድ ጆንያ ሁለት ጊዜ ተከፈለ ማለት ነው።


አጂፕ_ሰፈር
ኅዳር 15፣ ማታ 2:50

ልክ ነህ ወንድሜ፤ ቢሮው ከመጻፉ በፊት ያ ቁጥር መዝገቡ ውስጥ እንዳለ ማየት አለበት። ካለ መልሱን ብቻ ይመልሳል፣ ደግሞ አይጽፍም። ግን እውነት ለመናገር፣ ይህን ሁሉ ስንጨምር ቲሲፒን ራሳችን እየጻፍነው ነው።


መምህር_ሲ
ኅዳር 15፣ ማታ 3:30

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ቲሲፒም ቢሆን የሚያረጋግጥልሽ ባይቶቹ የዚያኛው ማሽን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጋ መድረሳቸውን ነው። ፕሮግራሙ አንብቦ መዝገብ ላይ መጻፉን አያረጋግጥም። መልእክቱ ደርሶ ሳይጻፍ መብራት ቢጠፋ መዝገብሽ ባዶ ነው። ስለዚህ በየትኛውም ብትልኪ ቢሮው ፋይል ላይ ከጻፈ በኋላ ቁጥሩን ይመልስልሽ። ሚዛን ቤት ደረሰኝ የሚቆረጠው ጆንያው በር ሲገባ ነው? ተመዝኖ መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ ነው። እንደዚያው አድርጊ። የድጋሚ ፍተሻውንም አትተዪው፣ ግንኙነቱ ተቋርጦ ሲቀጥል በቲሲፒም ያስፈልግሻል።


የሚዛን_ልጅ
ኅዳር 19፣ ማታ 2 ሰዓት

እንዲህ አደረግሁ። ጋሼ ጆንያ ሲያስቀምጡ የሚወዛወዘው ቁጥር በዩዲፒ ይሄዳል፣ በሰከንድ 5 ጊዜ፣ ለሁለቱም ስክሪን ለየብቻ። አንዱ ቢጠፋ ቀጣዩ ወዲያው ይተካዋል፣ ያለፈውን መልሶ መላክ ትርፉ አሮጌ ቁጥር ማሳየት ነው። እያንዳንዱ ላይ ተራ ቁጥር ስላለ ኋላ ቀርቶ የመጣውን ስክሪኑ ይተወዋል።

ጋሼ ቁልፉን ሲጫኑ ግን ክብደቱ ይቆለፋል። መጀመሪያ ፓዩ ላይ ፋይል ውስጥ ይጻፋል፣ ከዚያ በቲሲፒ ወደ ቢሮ ይሄዳል። ቢሮው ጽፎ ቁጥሩን ሲመልስ ብቻ ሚዛኑ አጠገብ አረንጓዴ መብራት ይበራል። አረንጓዴ ካልበራ ጆንያው ከሚዛን አይወርድም። ይህን ሕግ ያወጡት ጋሼ ናቸው።

ዛሬ ከሰዓት ሆን ብዬ ሞከርኩት። 214ኛው ጆንያ ላይ የቢሮውን ኮምፒውተር ከመብራት ሶኬቱ ነቀልኩት። መብራቱ አልበራም። ገበሬው ጆንያው ሚዛን ላይ እንዳለ ቆመ፣ ጋሼም አብረው ቆሙ። ኮምፒውተሩን መልሼ ሰካሁ፣ እስኪነሳ አራት ደቂቃ ፈጀ። ተቀባዩ ሲነሳ ፓዩ ራሱ ደወለለት። አረንጓዴው በራ። ቢሮ ገብቼ መዝገቡን አየሁ፤ 214 አለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ 58.5 ኪሎ፣ ስሙ ከነአባቱና ከነአያቱ ሳይቆረጥ።

የሽቦው ወንድሜ፣ ርቀቱን ለካሁት። ከሚዛኑ እስከ ቢሮ በግድግዳው ዞሮ 48 ሜትር ነው። ገመዱን ቅዳሜ እንዘረጋለን። በጣራው ሥር ባሳልፈው አይጥ እንዳይቆርጠው ምን ውስጥ ላስገባው?


ሽቦና_ዋይፋይ
ኅዳር 19፣ ማታ 2:20

በፕላስቲክ ቱቦ። ከመብራት ሽቦው ጋር አብረሽ አታስኪጂው፣ ራቅ አድርጊው። 55 ሜትር ግዢ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ትርፍ ያስፈልግሻል።